የቀለም መከለያና አነስተኛው የመቁረጫ መኪና
(በመሸንቲ ለተሰበሰቡ የማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይና ስለ መስኖ መስማት በለመደ ጉባኤ ፊት ስለ አነስተኛ ሞዴል አውሮፕላኖች አቀባብ መናገር እንደ ቀልድ ሊቆጠር ይችላል። እኔ ግን ጉዳዩን የመረጥሁት አንዲት አውሮፕላንን በማሰብ ነው። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በአገራችን የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው አውሮፕላን በጦርነቱ ተማርካ ወደ ኢጣሊያ ተወስዳ ነበር። በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የቪኛ ዲ ቫሌ ሙዚየም ብዙ ዘመን ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ይህችን አውሮፕላን በ1 ለ 48 መስፈርት ሠርቶ በትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የሚፈልግ ሰው እንጨቱንና ፕላስቲኩን ቀርጾ ሊጨርስ ይችላል። ቀለም መቀባቱ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ይታሰራል። ዛሬ የምናገረው ስለዚሁ ችግር ነው።

የቀለም መከለያ ማለት ቀለም እንዲነካው የማንፈልገውን ገጽ ለጊዜው የሚሸፍን ስስ ልባስ ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በቡና ጆንያ ላይ የምናየው ጽሑፍ የሚታተመው ፊደሉ ተፈልፍሎ በወጣለት ካርቶን ወይም ቆርቆሮ ላይ ቀለም በማስኬድ ነው። ስቴንስል የሚለው ቃልም ለወላጆቻችን የማባዣ መኪናውን የሰም ወረቀት ያስታውሳቸዋል። በአንጻሩ ከዚህ ብዙም ሳይርቅ በዘጌ፣ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የሚታዩትን ሥዕሎች ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው ሁለት ቀለማት በሚገናኙበት ቦታ ጥቁር መሥመር መሰመሩን ያያል። መሥመሩ ለሥዕሉ ውበት ከመስጠቱም በላይ የቀለማቱን መጋጠሚያ ይሸፍናል። የአውሮፕላን ቀለም ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም፤ ቢጫው ከቀዩ ጋር ሲገናኝ ጠርዙ ራሱ ጥርት ብሎ መታየት አለበት።

ለዚህ የሚያገለግለው መኪና፣ ገበያው ክሪከት ወይም ሲልሁየት ካሜዮ እያለ የሚጠራው፣ መጠኑ ከኮምፒዩተር ማተሚያ ብዙም አይበልጥም። በቀለም ፈንታ ትንሽ ምላጭ ይዞ ይሄዳል። ሉሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ምላጩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንቀሳቀሱ በኮምፒዩተር የተሣለውን መሥመር ይከተላሉ። የምላጩ ጫፍ ከሚዞርበት ዘንግ ጥቂት ፈቀቅ ያለ ስለሆነ በሬ ተከትሎ እንደሚጎተት ማረሻ ከኋላ ይመጣል። ማዕዘን ላይ ሲደርስ ዞሮ እስኪስተካከል ድረስ ቦታ ይፈልጋል፤ ፈቀቅ ያለበት ልክ ለፕሮግራሙ በትክክል ካልተነገረ ማዕዘኑ ይዶለዱማል። ምላጩ ላይኛውን ስስ ሉህ ብቻ እንጂ ከሥር ያለውን መደገፊያ ወረቀት መብሳት የለበትም። ስለዚህም ከዋናው ሥራ በፊት በሉሁ ጥግ ላይ አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ቆርጦ መፈተሽ ግዴታ ነው እላለሁ።

በሥዕሉ በኩል ለእኛ ሙያ የቀለለ ነገር አለ። በኢንክስኬፕ፣ በነጻ በሚገኘው ፕሮግራም፣ የተሣለው መሥመር ዲኤክስኤፍ በሚባለው ዓይነት ፋይል ሊቀመጥ ይችላል፤ ይህም የንድፍ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ያለ መስመር የሚሠራ ፕሮግራም መምረጥ ይገባል። መብራት ሲጠፋ መኪናው የቆመበትን ቦታ ይረሳል፣ ሉሁም ይባክናል፤ ስለዚህ በመጠባበቂያ ባትሪ ማሠራቱ ይመረጣል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስደስተኝ ነገር ልምጣ። የእኛ ፊደል በውስጡ የተዘጋ ቀለበት ይበዛበታል። የዐይኑ ዐ፣ መ፣ ወ፣ ቀ፣ እንዲሁም እንደ ሌና ቤ ያሉት ኃምሶች ሁሉ ውስጣቸው ደሴት አለው። ፊደሉ ከካርቶን ሲፈለፈል ደሴቱ ወድቆ ይቀራል፤ የጆንያ ጽሑፍ ፊደሎች ቀጭን ድልድይ የሚተውላቸው ለዚህ ነው። ሙጫ ባለው ሉህ ግን እያንዳንዱ ደሴት በራሱ ይለጠፋል። «ፀሐይ» ብለን ስንጽፍ የመጀመሪያው ፊደል ብቻ ሁለት ደሴቶች አሉት፤ በሚያሻግር ግልጽ ፕላስተር አንሥተን ከነቦታቸው በሞዴሉ ላይ ስናሳርፋቸው ፊደሉ ሳይቆራረጥ ይወጣል። ጽሑፉን አስቀድሞ ወደ መሥመር መለወጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ የፊደሉ ዓይነት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረው ይታያሉ።

መኪናው የማይፈታው ችግርም አለ። ጠፍጣፋ ሉህ ሲሊንደርና ሾጣጣ ላይ ያለ መጨማደድ ይጠቀለላል፤ እንደ ኳስ በሁለት አቅጣጫ በጎበጠ ገጽ ላይ ግን ከመጨማደድ ወይም ከመቀደድ አያመልጥም። ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 በሒሳብ ያረጋገጠውን ይህን እውነት የእኛ ላሜራ ሠራተኞች በእጃቸው ያውቁታል። ስለዚህ የአውሮፕላን አፍንጫ ሲደርስ መከለያውን በጠባብ ቁርጥራጭ ከፋፍሎ መለጠፍ እንጂ አንድ ሰፊ ሉህ መጫን አያዋጣም።

በባሕር ዳር ማስታወቂያ ሠሪዎች ዘንድ ያሉት፣ ለባጃጅና ለሚኒባስ ስቲከር የሚቆርጡት ትልልቅ መኪናዎች የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። ነገር ግን ተራው ስቲከር ለዓመታት እንዲጣበቅ የተሠራ በመሆኑ ሲላጥ የታችኛውን ቀለም ይዞ ይነሣል። ኦራማስክን የመሰለ ሙጫው የላላ ሉህ ወይም የጃፓን ስስ የወረቀት ፕላስተር ይሻላል። ሁለቱም ከታጡ ስቲከሩን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ደጋግሞ እየለጠፉ ማላላት ይቻላል። ከዚያም መከለያው ከተለጠፈ በኋላ በመጀመሪያ የሚረጨው አዲሱ ቀለም ሳይሆን ከሥር ያለው ቀለም ራሱ ነው። በጠርዙ ሥር የሚሰርግ ቢኖር እርሱ ይሰርጋል፤ ክፍተቱንም ይደፍናል። ሰንደቅ ዓላማችንን በጅራት ላይ ለሚቀባ ሰው ቢጫው ይቀድማል፤ ደማቁን በፈዛዛው መሸፈን አድካሚ ነውና።

ስለ ስሕተት መጠን አንድ ስሌት ልጨምር። የአየር መንገዳችን ቦይንግ 787 ወገብ 5.77 ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ በ1 ለ 144 መስፈርት 40 ሚሊሜትር ይሆናል። መከለያው በ0.2 ሚሊሜትር ብቻ ቢዛነፍ በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ወደ 29 ሚሊሜትር የሚጠጋ መዛነፍ ማለት ነው። ዓይን ይህን ያያል፤ የማይታየው ግን የከፋ ነው። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የተነሡ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎችን አይተው ቀለም የሚወስኑ ሞዴል ሠሪዎች አሉ። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ኦርቶክሮማቲክ ፊልም ለቀይ ብርሃን ዕውር ነው፤ ቀዩን ጥቁር፣ ቢጫውንም ከሆነው በላይ ጠቆር አድርጎ ያሳያል። በሌላ ዓይነት ፊልም የተነሣው ያው ሰንደቅ ዓላማ ሌላ መስሎ ይወጣል። የፊልሙን ዓይነት ሳያውቁ ከግራጫ ላይ ቀለም ማንበብ፣ ጠርዙ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ሐሰትን አጥርቶ መሣል ነው።

በመሆኑም ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ፀሐይ ዛሬ በአገሯ ናት። ፈቃድ ተጠይቆ ጥቂት አባላት ሜትርና ካሊፐር ይዘው ይሂዱ፤ የክንፏን፣ የጅራቷንና የጽሑፏን ልክ ይውሰዱ፤ ቀለሟንም ከቀለም መለኪያ ካርድ ጋር ያመሳክሩ፤ ንድፉንም በዲኤክስኤፍ አዘጋጅተን ለሚፈልግ ትምህርት ቤት ሁሉ በነጻ እንስጥ። የመቁረጡን ሥራ እዚህ መሸንቲ እኔ እችላለሁ።