መሐንዲስ ሊሆኑ ሄደው ሙዚቀኛ የሆኑት ሰው



ከዚህ ከፍላቂት ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚወርድ ሰው ካህናቱ በቤተ ማርያም መቋሚያቸውን ይዘው ሲያሸበሽቡ ያያል። ይህን የያሬድ ቅርስ ከኦፔራ ጋር ያገናኙት ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ ዌልስ የተላኩ የጅማ ተወላጅ መሆናቸውን ዛሬ ለማስታወስ እወዳለሁ።

ሙላቱ አስታጥቄ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። በዌልስ ተማሪ ሳሉ ዝንባሌያቸው ስለ ታወቀ ፊታቸውን ወደ ሙዚቃ መለሱ። በለንደንና በቦስተን ተምረው ኢትዮ ጃዝን መሠረቱ። ሆኖም የመሐንዲስነት ጠባይ ጨርሶ አልተለያቸውም። ክራር ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ጅማቶቹ እንደ ገና መቃኘት አለባቸው። እርሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች ስለ ማሻሻል አጠኑ፤ በቅዱስ ያሬድ ስም የደረሱትንም ኦፔራ በከፊል አሰሙ።

እንግዲህ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። የክራሩ እንጨት፣ ቆዳና ጅማት፣ የአዳራሹም የድምፅ አመላለስ የሙያችን ጉዳዮች ናቸው። የኪነት ሰው ዕድሜውን ለፈጠራ ቢሰጥም፣ መሣሪያና መድረክ የሚያበጅለት ባለሙያ ካላገኘ ሐሳቡ በልቡ ይቀራል።

ስለዚህ ልጃችን ምሕንድስናን ትቶ ወደ ዜማ ቢያዘነብል «ጠፋብን» ብለን አንዘን። ይልቁን «ምን ጎደለህ?» ብለን እንጠይቀው፤ የጎደለውንም አብረነው እንሥራ።