ምራቄን የቆጠርኩባቸው ቀኖች

እሷ፦ ላንቻ ባቡር ጣቢያ ቆመህ ምራቅህን ስትቆጥር ነበር ያልከኝ? ቀልድ መስሎኝ።

እሱ፦ የምሬን ነው። ባቡሩ እስኪመጣ 17 ጊዜ ዋጥኩ። "መዋጤን ማሰብ ባላቆምስ?" የምትለዋ ሐሳብ ነበረች የምታስጨንቀኝ። ጉሮሮዬንማ ስንቱ ሐኪም አየው፤ ደህና ነህ ይሉኛል።

እሷ፦ ጠበልስ?

እሱ፦ እናቴ ወስዳኛለች። ደስ ይላል፤ ግን እዚያም ተሰልፌ እቆጥር ነበር።

እሷ፦ ባለሙያዎቹ ኦሲዲ የሚሉት የአእምሮ ሕመም ነው። አንዱ እጁን ደጋግሞ ይታጠባል፣ ሌላው የቆለፈውን በር ሲፈትሽ ያመሻል። ያንተ ቢጤ ደግሞ መዋጡን፣ ትንፋሹን፣ የዓይኑን መርገብገብ ሲጠብቅ ይውላል። አማኑኤል ሆስፒታል ስትሄድ ሰው ያየኛል አላልክም?

እሱ፦ ኮፍያ አድርጌ ነዋ! ሕክምናው ግን አስገረመኝ። ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1966 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ያስተዋወቀው መንገድ ነው፤ ከምትፈራው ነገር ጋር ትቀመጣለህ፣ ማምለጫህን ትተዋለህ። እኔን "ምራቅህን ሆን ብለህ አዳምጥ፤ አትቁጠር፣ ማስቲካም አታኝክ" አሉኝ።

እሷ፦ ማስቲካው ምን አጠፋ?

እሱ፦ ማምለጫዬ እኮ እሱ ነው! ኪሴ ሙሉ ነበር። ፍሎክሰቲን የሚባል መድኃኒትም ታዘዘልኝ። ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ እኔ በሦስተኛው ቀን ልጥለው ነበር።

እሷ፦ አሁንስ?

እሱ፦ አሁን ስናወራ እንኳ ዋጥኩ፣ ታወቀኝም። ይታወቀኝ! ይልቅ ሻዩን ወዲህ በይው፣ ቀዘቀዘ።