ስለ ዜና አድልዎና ስለ ሰሚው ድርሻ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ የራዲዮና የቴሌቪዥን ዜና ለአንድ የፖለቲካ ወገን ማድላቱ ነው። ምናልባት «ይህ የአዲስ አበባ ሰዎች ነገር ነው፤ ለግሸን ልጆች ምን ያደርግላቸዋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በዚህ ጉድለት ምክንያት ወሎ ከባድ ዋጋ የከፈለ አገር ነውና፥ ጉዳዩ የእኛም ጉዳይ ነው።

የወሬን ኃይል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ዛሬ መስከረም 21 ቀን ለእመቤታችን በዓል ምእመናን ከየአገሩ የሚወጡበት ይህ መስቀለኛ አምባችን፥ ቀድሞ የነገሥታት ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ ተጠብቀው የሚኖሩበት ነበር። ጠባቂዎቹ የሚጠብቁት የአምባውን በር ብቻ አልነበረም፤ የሚገባውንና የሚወጣውንም ቃል ይጠብቁ ነበር። በዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ወሬን ከጦር አሳንሶ እንደማይፈራ ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያም በኋላ ነጋሪት እየተጎሰመ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲባል ኖረ። ነጋሪቱ የገዢውን ቃል ለሕዝብ ያሰማል እንጂ የሕዝብን ቃል ለገዢው አያሰማም ነበር። ራዲዮ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ፥ ቴሌቪዥን ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲመጡ፥ ሁለቱም በመንግሥት እጅ ሆኑ። መሣሪያው አዲስ ሲሆን ልማዱ ግን የነጋሪቱ ልማድ ሆኖ ቆየ።

እንግዲህ አድልዎ ማለት ውሸት መናገር ብቻ አይደለም። እኛ እንደሚመስለን ዜና በሦስት መንገድ ያደላል።

አንደኛው መንገድ ዝምታ ነው። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናም ጠፍቶ ብርቱ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ የዩኒቨርሲቲ መምህራን መጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው በግቢያቸው ቢያሳዩም፥ የአገሪቱ ራዲዮና ቴሌቪዥን ግን የአገር ስም ይጎድፋል በሚል ፍርሃት ዝም አሉ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ፥ የወሎን ረኃብ ዓለም ቀርቶ የአገራችን ሰው እንኳ በሚገባ አላወቀውም። በዚያ ዘመን የሞተው ሕዝብ ቍጥር እንደ ገማቹ ይለያያል፤ ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል ተብሏል። የሕንዱ የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን ይህን ረኃብ መርምሮ፥ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት እጅግ እንዳልቀነሰ፥ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል እንደ ነበረ ጽፏል። ስለዚህ ያን ጊዜ ከጎደሉት ነገሮች አንዱ ወሬው ነበር ብንል አልተሳሳትንም። እህል ያለው ሰው የሌለውን አልሰማምና።

ሁለተኛው መንገድ እውነቱን ለራስ ጥቅም ቆርጦ መቀጠል ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ያንኑ የረኃብ ፊልም ከንጉሠ ነገሥቱ የግብዣና የድግስ ሥዕሎች ጋራ አቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የረኃቡ ሥዕል እውነት ነበር፤ የድግሱም ሥዕል እውነት ነበር። ነገር ግን ሁለቱ የተጋጠሙት የወሎን ሰው ለማብላት ሳይሆን ንጉሡን ለማውረድ ነው። ይህም ከዐሥር ዓመት በኋላ ተገለጠ። መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. ደርግ ዐሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ሰልፍ ሲያከብር፥ ወሎ ዳግመኛ ተርቦ ነበር። የቀድሞውን ዝምታ የከሰሰው መንግሥት እርሱም በተራው ዝም አለ። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን በዚያን ጊዜ የወሎ ክፍል ከነበረችው ከቆረም ያመጡት ሥዕል በታየ ጊዜ፥ ዓለም እንደገና ከእኛ ራዲዮ ቀድሞ ሰማ። ከዚህ የምንማረው፥ ጠላትን ለመክሰስ ብቻ እውነት የሚናገር ጣቢያ ነገ ጌታውን ለማዳን ዝም እንደሚል ነው።

ሦስተኛው መንገድ እንዲሆን የሚፈልጉትን እንደ ሆነ አድርጎ ማውራት ነው። ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዘመናችን እናውቀዋለን። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ጦርነቱ ወደ ደሴ በቀረበ ጊዜ፥ የሕወሓት ቃል አቀባይ ከተማይቱን ይዘናታል ሲል፥ መንግሥት ደግሞ በእጃችን ናት አለ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከተማይቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ መግባቷ ታወቀ፤ መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነበር። በሌላው ወገን ያሉት ጣቢያዎችም ድላቸውን አጎሉ እንጂ በነዋሪው ላይ የደረሰውን ለመናገር አልቸኮሉም። ልጆቹን ይዞ ይሸሽ ወይስ ይቀመጥ ለሚጨነቅ አባት ግን ዜና ማለት የሕይወት ጉዳይ ነው።

አሁን አንድ ተቃውሞ እንሰማለን። «አገር በችግር ላይ ሳለ የመንግሥት ጣቢያ የአገርን ስም ሊጠብቅ አይገባውምን?» የሚል ነው። እኛ ግን እንዲህ ብለን እንመልሳለን። የአገራችንን ስም ከረኃቡ ይልቅ የጎዳው ረኃቡ መደበቁ ነው። ደግሞም ጥፋቱ የመንግሥት ጣቢያዎች ብቻ አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. በሩዋንዳ ጎረቤትን በጎረቤቱ ላይ ያስነሣው ራዲዮ የተቋቋመው በግል ማኅበር ስም ነበር። ከውጭ አገር ሆኖ ለአገር ቤት የሚናገርም ጣቢያ ቢሆን ወገኑን ብቻ የሚያይ ከሆነ ያው ነጋሪት ነው፤ የተለወጠው ጎሳሚው ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ተስፋ የለም አንልም። ለ1997 ዓ.ም. ምርጫ የመንግሥትና የተቃዋሚ ፓርቲዎች ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በቴሌቪዥንና በራዲዮ ሲከራከሩ፥ ሕዝቡ ሥራውን ትቶ ያዳምጥ ነበር። ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ከተሰጠ በኋላ ክርክሩ ወደ ጠብ ተለውጦ፥ ጋዜጠኞችም ታስረው፥ ያ በር ተዘጋ። ቢሆንም ጣቢያው ያው፥ ሰዎቹም እነዚያው ሆነው ሳለ ሁሉን ወገን ማሰማት እንደሚቻል በዐይናችሁ አይታችኋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ወይም በመንግሥት ቍጥጥር ሥር ያለ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን እንዲያስተናግድ ሆኖ ይመራል ይላል። ስለዚህ የምንጠይቀው ችሮታ አይደለም፤ የተጻፈ መብት ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ጣቢያዎቹ እስኪታረሙ ድረስ የሰሚው ድርሻ ምንድር ነው? በባቲ ገበያ የምናገኛቸው የአፋር ጎረቤቶቻችን ዳጉ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን በየተራ ይነጋገራሉ፤ ወሬ አጣምሞ የተናገረ ሰው በሕዝቡ ዘንድ ነቀፋ ያገኘዋል። የሙሴም ሕግ በአንድ ምስክር ቃል ብቻ ሰው እንዳይፈረድበት ያዛል። አባቶቻችንም «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» ብለዋል። እኛም ዜና በሰማን ጊዜ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ይህን ያየው ማን ነው? ያልተነገረው ምንድር ነው? ስሙ የተጠራውስ ሰው ለመናገር ተራ አግኝቷልን?

ይህን ልማድ የምንጀምረው ከሩቅ አይደለም። የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ በየጧቱ ሰልፍ ላይ ዜና ያሰማል። ክፍላችን በኳስ ሲያሸንፍ ተነግሮ ሲሸነፍ ቢታለፍ፥ የመምህራን ቃል ተነብቦ የተማሪ አቤቱታ ቢቀር፥ በትልቁ ጣቢያ የምንነቅፈው ጉድለት በትንሹ በራሳችን ቤት ተወለደ ማለት ነው። ስለዚህ ከእኛ በኋላ ማይክሮፎኑን የምትይዙ ታናናሾቻችን፥ የምትወዱትን ወገን ስሕተት ስታነቡ ድምፃችሁን ዝቅ እንዳታደርጉ አደራ እንላለን። ነገ ከመካከላችሁ በታላቁ ጣቢያ የሚቀመጥ ይኖራልና።

እናንተም ወላጆቻችን፥ ማታ ዜና ከልጆቻችሁ ጋራ ስትሰሙ፥ ጥያቄ ሲያነሡ «ዝም በል» አትበሉን። ዝምታ ለወሎ ምን እንዳደረገ ከእኛ ይልቅ እናንተና ወላጆቻችሁ ታውቃላችሁ።