ሐኪምና ባዶ ልቡና



በቋንቋችን ሰውን «ባዶ ጭንቅላት» ማለት ስድብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ባዶነትን ለማመስገን ስነሣ፣ በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት መምህሮቼ እንዳይቀየሙኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1959 ከጃፓን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የተሻገሩት የዜን ቡድሂዝም መምህር ሹንርዩ ሱዙኪ፣ ሰው የቱንም ያህል ቢማር የጀማሪነት ልቡናውን እንዳይጥል ያስተምሩ ነበር። ንግግሮቻቸውም በ1970 በመጽሐፍ ታትመዋል። በዚህ ትምህርት ባዶነት ማለት አለማወቅ አይደለም፤ የሚያውቁትን ለጊዜው ወደ ጎን አኑሮ፣ ፊት ለፊት ያለውን እንደ አዲስ መመልከት ነው።

ይህ ለመነኮሳት ብቻ የተሰጠ ትምህርት እንዳይመስለን ከሙያችን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ጨጓራ ከአሲዱ የተነሣ ባክቴሪያ አያኖርም የሚለው ሐሳብ ለብዙ ዘመን ሲያከራክር እንኳ አልኖረም። በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ከሕሙማን ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ባክቴሪያ ለማብቀል ደጋግመው ሞክረው አልሆነላቸውም፤ የማብቀያ ሳህኖቹ እንደ ደንቡ በሁለት ቀን ይጣሉ ነበርና። በ1982 የፋሲካ በዓል መካከል ገብቶ ሳህኖቹ ሳይጣሉ ቢቆዩ፣ ባክቴሪያው በቀለ። በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ሥራ ይኸው ነው። ደንቡ የከለከለውን በዓሉ ፈቀደው ማለት ነው።

የራሴ ታሪክ ግን ሽልማት የሚያሰጥ አይደለም። አንዲት አዛውንት እናት ለሁለት ዓመት ያህል ይመላለሱብኝ ነበር። ካርዳቸው ላይ «ጨጓራ» ብዬ በእጄ ጽፌአለሁ። ገና በሩን ሲከፍቱ የመድኃኒት ማዘዣውን እስባለሁ፤ በርበሬ ይቀንሱ፣ ብዙ አያስቡ እላለሁ። አንድ ቀን ካርዳቸው ከካርድ ክፍል ጠፋ። ብናደድም ምርጫ አልነበረኝምና፣ «እማማ፣ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አልኋቸው።

ነገሩን ከደጃቸው ጀመሩት። ውኃ ቀድተው ሲመለሱ ሕመሙ ዳገቱ መካከል ላይ ይጀምራቸዋል፤ ድንጋይ ላይ ዐረፍ ሲሉ ይተዋቸዋል፤ ቢበሉም ባይበሉም ለውጥ የለውም። የልብ ምርመራው የልባቸው የደም ሥሮች መጥበባቸውን አመለከተ።

«ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ መች ጠየቅኸኝ?» አሉኝ።

ያን ዕለት ያስደነቀኝ ስሕተቴ ብቻ አልነበረም። እርሳቸው ሲናገሩ መልስ ማዘጋጀት ስላላስፈለገኝ፣ ለዓመታት ያላገኘሁትን ዕረፍት አግኝቼ ነበር። ሐፍረቱ የመጣው ኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ካርዱን በፊቱ ደፍቼ አስቀምጥና መጀመሪያ እሰማለሁ። ሁልጊዜ አይሳካልኝም፤ በተለይ ኮሪደሩ በሞላበት ቀን። በሽተኛው ተናግሮ ሳይጨርስ እጄ ወደ ማዘዣው ሲሄድ ካየሁት፣ እስክሪብቶውን ለነርሷ እሰጣለሁ።