አንድ መቶ ሃምሳ ሦስቱን ዓሣ ማን ቈጠራቸው?

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቍጥር ያለውን ምሥጢር የሚመለከት ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። ስለ ሰባት ብቻ እንናገር ብንል፣ ከፍጥረት ዕለታት ጀምረን በዮሐንስ ራእይ እስካሉት ሰባቱ ማኅተሞች ድረስ ቀኑ አይበቃንም። አርባም እንዲሁ ነው፤ የጥፋት ውኃው ዝናም፣ የሙሴ የሲና ቆይታ፣ ኤልያስ ወደ ኮሬብ የሄደበት መንገድ፣ የጌታችን ጾም በገዳመ ቆሮንቶስ፤ እነዚህን እናንተ በየዐውደ ምሕረቱ ስለምታስተምሯቸው አንደግማቸውም። እኛ የምንቈየው ሰው ወይም የሰው ምግብ በተቈጠረባቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው፤ የእኛም የዕለት ሥራ ይኸው ነውና።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ደቀ መዛሙርት በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሙሉ ደክመው ምንም አልያዙም። ሲነጋ በጌታ ቃል መረቡን በስተቀኝ ጣሉት፤ ስምዖን ጴጥሮስም ጐትቶ ወደ ምድር አወጣው። በውስጡ 153 ታላላቅ ዓሦች ነበሩ፤ መረቡም አልተቀደደም። ስለዚህ ቍጥር ሊቃውንት ብዙ ተናግረዋል። አውግስጢኖስ ከ1 እስከ 17 ያሉት ቍጥሮች ሲደመሩ 153 እንደሚሆኑ አይቶ፣ 17 ደግሞ የ10ሩ ትእዛዛትና የ7ቱ የመንፈስ ቅዱስ ሀብታት ድምር ነው ብሎ ተረጐመ። ጄሮም በበኩሉ የዓሣ ወገን ሁሉ 153 ነው የሚሉ ጸሐፍት እንደ ነበሩ ጠቅሶ፣ አሕዛብ ሁሉ በአንድ መረብ መግባታቸውን አየበት። ሁለቱም ያማሩ ናቸው።

ነገር ግን ከትርጓሜው በፊት ቈጣሪ ነበረ። በዚያ ማለዳ፣ የከሰሉ ፍም አጠገብ፣ ከሰባቱ ደቀ መዛሙርት አንዱ ወይም ሁለቱ እጃቸው እንደ ረጠበ ዓሣውን አንድ በአንድ ቈጥረዋል። ወንጌላዊው ግምትን ከቍጥር ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ጀልባው ከምድር የነበረውን ርቀት ሲናገር ሁለት መቶ ክንድ «ያህል» ይላል፤ እንጀራ የበሉትንም ሰዎች አምስት ሺህ «ያህል» ይላቸዋል። ዓሣው ላይ ሲደርስ ግን «ያህል» የለም፤ «ወደ መቶ ሃምሳ የሚጠጋ»ም አላለም። ሦስቱ ዓሦች ቢቀሩ ኖሮ አውግስጢኖስም የሚተረጕመው ምሥጢር ባልኖረ ነበር።

እኛስ? በየሩብ ዓመቱ በምንልከው ሪፖርት «ከመቶ በላይ አረጋውያን»፣ «በርካታ ወላጅ አልባ ሕፃናት» እያልን ጽፈናል። ይህን የምንለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እነዚያን ዐረፍተ ነገሮች የጻፍናቸው እኛው ነን። «ከመቶ በላይ» ብለን እህል ስናከፋፍል ደግሞ ከመቶው በላይ ያሉት በእኛ ቸልታ ባዶ ከረጢት ይዘው ተመልሰዋል።

ስለ እንጀራው በረከት ከተነሣን ዘንድ፣ ጌታ በታንኳ ውስጥ ደቀ መዛሙርቱን የጠየቃቸውን ጥያቄ እናስታውስ። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ለአምስት ሺህ በተቈረሰ ጊዜ ስንት መሶብ ቍርስራሽ እንዳነሡ ጠየቃቸው፤ አሥራ ሁለት አሉ። ለአራት ሺህ በተቈረሰ ጊዜስ? ሰባት። በአሥራ ሁለቱ ነገደ እስራኤልን፣ በሰባቱ ፍጹምነትን ያዩ መተርጕማን አሉ። ሆኖም ደቀ መዛሙርቱ መልሱን በቃላቸው የያዙት ቍርስራሹን በእጃቸው ስላነሡት ነው። የሕዝቡም ብዛት የታወቀው በመቶና በሃምሳ ተደራጅቶ በሣር ላይ ስለ ተቀመጠ ይመስለናል። ያለ ሰልፍ ማደል እዚያም አልተደረገም።

በዚሁ ታሪክ ላይ ማቴዎስ አንድ ነገር ይጨምራል፤ አምስት ሺህ የተባሉት ከሴቶችና ከሕፃናት በቀር ነው። ሴቶቹና ሕፃናቱ በልተዋል፤ አልተቈጠሩም እንጂ። በእኛ መዝገብ ላይ ያለው ግን ከዚህ የከፋ ነው፤ ያልተቈጠረ አይበላም። መዝገባችን በአባወራ ስም የተሠራ ስለሆነ በልጇ ቤት የተጠጋች መበለት የለችበትም። ከሩቅ አገር መጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ በጎጆ የሚኖር የአብነት ተማሪም በማንም ቤት ስም አይገኝም። ነገ ቀድሶ የሚያቈርበን እርሱ ነው፤ ዛሬ ግን በቍጥራችን የለም።

318ንም ሳናነሣ አናልፍም። አብርሃም ሎጥ መማረኩን በሰማ ጊዜ በቤቱ የተወለዱ 318 ሰዎችን አሰልፎ እስከ ዳን ተከታተለ፤ ምርኮኞቹንም መለሰ። የበርናባስ መልእክት የተባለው ጥንታዊ ጽሑፍ ይህን በግሪክ ፊደል አኃዝ ተርጕሞ፣ 10ና 8 የኢየሱስ ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት፣ 300 ደግሞ የመስቀል ቅርጽ ያለው ፊደል ነው ይላል። በ325 ዓ.ም. (እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር) በኒቅያ የተሰበሰቡትን አባቶችም ቤተ ክርስቲያን 318 ብላ ታስባቸዋለች። ስማቸውን አሳጥረን «ሠለስቱ ምእት» ብንልም 18ቱን አንጥላቸውም። አብርሃምም ዘመዱን ለማዳን የተነሣው ማን በቤቱ እንዳለ አስቀድሞ ያውቅ ስለ ነበር ነው።

ሰውን መቍጠር ዳዊትን አላስቀጣምን? የሚሉን አረጋውያን አሉ፤ ጥያቄያቸውም የሚናቅ አይደለም። ኢዮአብ ዘጠኝ ወር ከሃያ ቀን ዞሮ ለንጉሡ ያመጣው ሰይፍ የሚመዝዙትን ወንዶች ቍጥር ነበር። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ግን ሕዝቡ ሲቈጠር እያንዳንዱ ግማሽ ሰቅል እንዲሰጥ ታዟል፤ ባለጠጋው አይጨምርም፣ ድሃውም አያጐድልም፤ ብሩም ለመገናኛው ድንኳን አገልግሎት ዋለ። ስለዚህ መቍጠር ተከልክሏል ብለን አናምንም። መቶ በጎች የነበሩት እረኛም አንዷ እንደ ጠፋች ያወቀው ማታ ሲገቡ ስለ ቈጠራቸው መሆን አለበት፤ «ወደ መቶ ይጠጋሉ» ብሎ በሩን ቢዘጋ ኖሮ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሚሄድበት ምክንያት ባልነበረው።

አሁን የሚታደላችሁ ቅጽ ከቀድሞው በሁለት ዓምድ ይበልጣል፤ አንዱ ከአባወራው በቀር በቤቱ ለሚኖሩ ሰዎች ስም፣ ሁለተኛው ለአብነት ተማሪዎች ነው። «ያህል» የሚል ቃል የሚገባበት ቦታ አላበጀንለትም። ከምሳ በኋላ በየአጥቢያችሁ ተቀምጣችሁ በምታውቋቸው ስሞች መሙላት ትጀምራላችሁ፤ የማታውቋቸውን ደግሞ ቤት ለቤት ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ።