ኪንታሮት ነው እያልን የምንደብቀው ሕመም
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በእድራችን መዝገብ የሟች ስም ስጽፍ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ራሴ ሕመም ነው። ነውር ነው የምትሉ ካላችሁ ይቅርታ፤ እኔንም ሊገድለኝ የነበረው ይኸው ነውር ማለት ነው።

ስምንት ወር ሙሉ ከሰገራዬ ጋር ደም ሲወጣ ኪንታሮት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ባለቤቴም አላወቀች። በኋላ ሐኪሙ በጣቱ መረመረኝ፤ በመሣሪያም ውስጡን አይቶ ናሙና ወሰደ። ከፊንጢጣ ትንሽ ከፍ ብሎ ባለው በመጨረሻው አንጀት ላይ ካንሰር ተገኘ። ደግነቱ ወደ ጉበትና ወደ ሳንባ አልዘለቀም።

እኔ በማግስቱ ቀዶ ጥገና የሚደረግልኝ መስሎኝ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ በሽታው ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ብቻውን ይበቃል። ጠልቆ ከገባ ወይም በአጠገቡ ያሉትን ንፍፊቶች ከነካ ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ጨረር ይሰጣል፤ እባጩን ያሳንሰዋል፣ እዚያው ተመልሶ እንዳይበቅልም ይረዳል። አንዱ ዓይነት በ5 ቀን ያልቃል፤ ሌላው ከኬሞቴራፒ ጋር 5 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ለእኔ የታዘዘው ሁለተኛው ነው። ከዚያ ሳምንታት ተጠብቆ ቀዶ ጥገናው ተደረገ።

እሱም ዘዴ አለው። ሂልድ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1982 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ አንጀቱ ከከበበው ሞራ ጋር ሳይቀደድ አብሮ መውጣት አለበት፤ ሞራው ውስጥ የቀረች ትንሽ ነገር በሽታውን ትመልሰዋለች። ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ እባጩ በጨረሩና በመድኃኒቱ ጨርሶ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ሳይቀዱ በቅርብ መከታተልም አለ፤ መቼም እንደኔ ቀጠሮ ለሚረሳ አይሆንም።

የእኔ እባጭ ወደ መውጫው በጣም የቀረበ ስለነበር ሆዴ ላይ ለዘለቄታው ከረጢት ተደረገልኝ። ከፍ ብሎ ለሚገኝበት ሰው አንጀቱ ይቀጠላል፤ ከረጢት ቢደረግለትም ብዙውን ጊዜ ለጥቂት ወራት ነው። ድንኳን ውስጥ ጫፍ ላይ የምቀመጠው ለዚህ ነው። ኮራ ያላችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ።

እድራችን ለቀብር ይከፍላል። ጨረር የሚወስድ አባል ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለሳምንታት መመላለስ አለበት። እኔን ልጆቼ ረዱኝ፤ ልጅ የሌለውስ? ከመጠባበቂያው ገንዘብ ለሕክምና መመላለሻ ብድር እንዲፈቀድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ኮሚቴው ይነጋገርበት። ደም አይቶ ዝም ያለ ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ በጆሮዬ ይንገረኝ፤ ወደ ሐኪም አብሬው እሄዳለሁ።