ስለ ፎቶግራፍ ዋጋ
(በመረዳጃ ማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ትንሽ ስለሚመስል አንድ ጉዳይ ልናነጋግራችሁ እንወዳለን። ጉዳዩ የፎቶግራፍ ዋጋ ነው።

በማኅበራችን በዓል ዕለት የሰፈራችን ወጣት ፎቶ አንሺ ከጧት እስከ ማታ ቆሞ አነሳን። ዋጋውን አስቀድመን ብንጠይቀው «የሰፈሬ ሰዎች ናችሁ፣ ግድ የለም» አለ። በኋላ ሂሳቡን ሲያቀርብ ግን እኛ የኮሚቴው ሰዎች «ቁልፍ ከመጫን በቀር ምን ሠራህ?» አልነውና ግማሹን ብቻ ከፈልን። ልጁም ሳይከራከር ፎቶዎቹን አስረክቦ ሄደ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ አዛውንት አባላችን አረፉ። ቤተሰቡ ለለቅሶው ፎቶ ቢፈልግ ከደበዘዘ ጉርድ ፎቶ ሌላ አጣ። የተገኘው ያ ልጅ በበዓሉ ዕለት ያነሳቸው፣ ፈገግ እንዳሉ የሚያሳየው ፎቶ ነበር። ያን ጊዜ አፈርን።

ለምን ረከሰብን? ድሮ አንድ ፊልም ቢበዛ 36 ፎቶ ነበር የሚያነሳው። ፊልሙ ይገዛል፣ ይታጠባል፣ በወረቀት ይወጣል። ወረቀቱን በእጃችን ስንይዝ ገንዘባችን የት እንደገባ እናያለን። ዛሬ ሁላችንም በስልክ እናነሳለን፤ ወረቀቱም ቀረ። ስለዚህ ያላየነው ወጪ ሁሉ የሌለ መሰለን እኮ!

ወጪው ግን አለ። ካሜራው ከውጭ አገር ነው የሚመጣው። ከበዓሉ በኋላ ልጁ ኮምፒዩተር ላይ ቁጭ ብሎ ፎቶ ሲመርጥና ሲያስተካክል ያመሻል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ የቤት ኪራይ ግን አይጾምም።

ስለዚህ ኮሚቴው የቀረውን ሂሳብ ይቅርታ ጠይቆ ከፍሏል። ለወደፊቱም ይህን እናሳስባለን፦

1. ዋጋው፣ የፎቶው ብዛትና የሚረከብበት ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ ይሁን፤ ቀብድም ይከፈል።

2. ገንዘብ ካጠረን ሰዓቱን እናሳጥር እንጂ ሥራው ካለቀ በኋላ ዋጋ አንቁረጥ።

3. ባለሙያዎችም በይሉኝታ «ግድ የለም» አትበሉ። ዋጋችሁን እናንተ ካልተናገራችሁ፣ ሌላው እንደመሰለው ይተምነዋል።



የማኅበሩ ጸሐፊ